ያውቁ ኖሯል? ከጡረታ በኋላ የሚወጣ ተራራ

መስቀል አደባባይ ቆመው ታክሲ እየጠበቁ ነው? እንግዲያውስ ከአውስትራሊያ ዋና ምድር ተራሮች ሁሉ በላይ ቆመዋል! እዚያ ከፍተኛው ተራራ ኮሲዩስኮ 2,228 ሜትር ነው። እርስዎ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ሆነው ሰልፉን ይረግማሉ!

አሁን ወደ ሰሜን ቀና ይበሉ። እንጦጦ! ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ! የጀርመን ተራሮች ቁንጮ ዙግሽፒትዘ 2,962 ሜትር ነው። የግሪክ አማልክት ይኖሩበት ነበር የሚባለው ኦሊምፐስ ደግሞ 2,918 ሜትር ነው። ሁለቱም ከእንጦጦ አናት ያንሳሉ! የብሪታንያው ቤን ኔቪስማ 1,345 ሜትር ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ አስፋልት አንድ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል!

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው ዳገት በነጠላ ይነጣል! ምርኩዝ የያዙ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ ያደረጉ፣ 70ን የተሻገሩ እናቶች ከፊትዎ ይወጣሉ። እርስዎ ትንፋሽ አጥሮዎት ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ እነሱ ዳዊት እየደገሙ ያልፉዎታል! ተራራ ወጣሁ ብላ የምታወራ እናት ግን እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ሒሳቡን ያስሉት! አንዲት እናት በየወሩ በ16 ብትወጣ በዓመት 12 ጊዜ ወጣች። በ20 ዓመት 240 ጊዜ! ኤቨረስትን ደጋግሞ በመውጣት የዓለም ክብረ ወሰን የያዙት ኔፓላዊው ካሚ ሪታ ሼርፓ እ.ኤ.አ. በ2025 ላይ የቆጠሩት 31 ነው! እርግጥ ኤቨረስት ኤቨረስት ነው፤ አንከራከርም።

ለእንጦጦው ጸበል ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ዳገቱ ላይ ቤት ተከራይቶ ለወራት የሚሰነብት ሰው እንዳለ ያውቁ ኖሯል? በየማለዳው ዳገትና ቁልቁለት! ሐኪም እርምጃ ከማዘዙ በፊት ጸበሉ ያዘዘው ይመስላል!

እንጦጦ አናት ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው! ሦስት ጊዜ ቢተነፍሱ የሚያገኙት ኦክስጅን ጅቡቲ ላይ ሁለት ጊዜ የተነፈሰ ሰው ያገኘውን ያህል ነው። ስለዚህ ማለክለክዎ የእርጅና ምልክት አይደለም፤ የፊዚክስ ጉዳይ ነው!

ከመስቀል አደባባይ ተነስተው አናቱ ላይ ሲደርሱ አየሩ በ5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል! ፀሐይዋ ግን ይብስባታል። የቆዳ ማቃጠያው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል! ጋቢም ባርኔጣም ያስፈልግዎታል ማለት ነው።

ውሃ እዚያ ላይ ገና 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል! ምስሩ አልበስል ቢል ምድጃውን አይውቀሱ!

የሚረግጡት ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ትፍ ነው! ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል! እስቲ አሁን ከዚህ ድንጋይ ፊት ቆሞ ሸምግያለሁ የሚል ማን ነው?

ይህችን ደግሞ ይስሙልኝ። እንጦጦ ላይ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጎን ለጎን ይወድቃሉ። ወደ ሰሜን ያዘነበለችው በሙገር አድርጋ አባይ ትገባለች፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጣ ሜዲትራኒያን ባሕር! ወደ ደቡብ ያዘነበለችው በቀበና ወይም በሌላ ወንዝ አቃቂ ትገባለች፤ ከዚያ አዋሽ፤ ከዚያ የአፋር በረሃ፤ ከዚያ አቤ ሐይቅ! ባሕር የሚባል ነገር በዓይኗ አታይም!

አዲስ አበባ ከተራራ የወረደች ከተማ መሆኗንስ ያውቁ ኖሯል? አፄ ምኒልክ መጀመሪያ የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር! የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ እዚያ አለ ተብሎ ይታመን ነበር። ብርዱ ግን ብርድ ነው! እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው ደስ አላቸው፤ በ1879 ዓ.ም. ከታች ያለችው ሰፈር አዲስ አበባ ተባለች፤ ቤተ መንግሥቱም ተከትሎ ወረደ። ያኔ ያለ መኪና ወጥተው ወርደው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ እኛ ለአንድ ፌርማታ ታክሲ እንሳፈራለን!

ዘውዱ ግን የተጫነው ተራራው ላይ ነው! ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥታቸው ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ነበር! ሄደው ይዩት፤ አሁንም ቆሟል!

ልክ ከዚያ 28 ቀን በፊት፣ መስከረም 27፣ ምን ሆነ? ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሊማንጃሮ ጫፍ መድረሱ ተመዘገበ! ጀርመናዊው ሃንስ ማየርና ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ፑርትሼለር ነበሩ። የፑርትሼለር ነገር ደግሞ ይገርማል። የዚያን ዕለት ልክ 40 ዓመት ሞልቶት ነበር! የልደት ኬኩን 5,895 ሜትር ላይ ቢቆርስ ያምርበት ነበር።

ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ይህን ያውቃሉ። ነጩ ባሕር ዛፍ ግን በዋናነት የአውስትራሊያዋ የታዝማንያ ደሴት ልጅ ነው፤ የዚያች ደሴት ከፍተኛ ተራራ 1,617 ሜትር ነው። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ያለው እያንዳንዱ ባሕር ዛፍ አባቶቹ በሕልማቸውም ካላዩት ከፍታ ላይ ቆሟል! እሱም በባዕድ አገር ተራራ ወጪ ሆነ!

ባሕር ዛፍ ባይደርስልን ኖሮ ዋና ከተማችን አዲስ ዓለም ልትሆን ትችል ነበር! ማገዶ አልቆ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሊሄዱ ከተማ መቆርቆር ጀምረው ነበር። ዛፉ ቶሎ አደገ፤ አዲስ አበባም ተረፈች!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫካ ቅጠልና እንጨት ለቅመው፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱት ሴቶች! አንዳንዶቹ አያቶች ናቸው። የተራራ ስፖርተኛ ነኝ የሚል ጎልማሳ የሚሸከመው ቦርሳ የዚያን ግማሽ አይሞላም። ይህን አድናቆት ብቻ ብሎ ማለፍ ያስቸግራል፤ ችግር ያስወጣው ተራራ ነውና። ግን ጉልበቱ፣ ኧረ ጉልበቱ!

ዛሬ እንጦጦ ፓርክ 1,300 ሄክታር ነው! በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመረቀ። እዚያው ተራራ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስተዋቶች የተገጠሙላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሰማይ ያያሉ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ መልእክቷን የሚቀበለው ጣቢያ የት ነበር? እንጦጦ! ሳተላይቷ 72 ኪሎ ነበረች። የአንድ ጠና ያለ ሰው ክብደት!

ሰው ከፍታ ላይ መኖሩን ከሚያሳዩ ጥንታዊ መረጃዎች አንዱ የተገኘው የት ይመስልዎታል? ሂማሊያ? አንዲስ? ባሌ! ፊንጫ ሀበራ በሚባል የድንጋይ ጥላ ሥር፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር! እሳት ያነዱ ነበር። ምግባቸውስ? የተጠበሰ ፍልፈል!

በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ደም ተመረመረ። ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም እንደ ባሕር ዳርቻ ሰው ሆኖ ተገኘ! የአንዲስ ሰዎች ከፍታን የቻሉት ደማቸው ሄሞግሎቢን አብዝቶላቸው ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ በአነስተኛ ኦክስጅን ኖረው ቻሉት። የእኛዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ገብሳቸውን ያርሳሉ!

ጅብራን አይተው ያውቃሉ? በሰሜንና በባሌ ተራሮች ብርዱ ላይ ብቻውን የሚቆም ረጅም ተክል ነው። ዓመታት፣ ብዙ ዓመታት ያለ አበባ ይኖራል። የሚያብበው በዕድሜው መጨረሻ ላይ፣ አንዴ ብቻ ነው! አበባው ከሰው ቁመት በላይ ወደ ሰማይ ይመዘዛል!

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ!

ጃፓናዊው ዩይቺሮ ሚዩራ በወጣትነታቸው ዝነኛ የበረዶ ሸርተቴ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከኤቨረስት ላይ ፓራሹት አስረው በሸርተቴ ወረዱ! ከዚያ 60 ሞላቸው። ተቀመጡ፤ በሉ፤ ጠጡ፤ ወፈሩ። 65 ዓመታቸው ላይ ቤታቸው አጠገብ ያለች 500 ሜትር ገደማ የሆነች ኮረብታ አቃተቻቸው! በመንገዳቸው ሕፃናትና አሮጊቶች አልፈዋቸው ሄዱ።

ተናደዱ! ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ክብደት አሰሩ፤ ቦርሳቸውን በክብደት ሞሉ፤ የከተማውን መንገድ ያዙት። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ70 ዓመታቸው፣ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሙ! 8,849 ሜትር! ተመልሰው ደግሞ በ75 ወጡ! በ76 ዓመታቸው በሸርተቴ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ልባቸውም በተደጋጋሚ በቀዶ ሕክምና ተስተካክሏል። እና በ80 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2013፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወጡ! ከሳቸው በላይ አርጅቶ ኤቨረስትን የረገጠ ሰው እስካሁን የለም።

ቁልቁለቱ ግን ፈተናቸው። ሲመለሱ እጅግ ደክመው ከ6,500 ሜትር ገደማ በሄሊኮፕተር ነው የወረዱት። ይህንን የምነግርዎ ያገሬ ሰው ዳገት ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ስለማይጠነቀቅ ነው!

አባታቸውስ? ኬይዞ ሚዩራ በ99 ዓመታቸው በሞንት ብላንክ በረዶ ላይ በሸርተቴ ወረዱ! ልጅየው በ70 ኤቨረስት የወጡት በዚያው ዓመት ነው። የዚያ ቤት የእራት ጨዋታ ምን ይመስል ይሆን?

ልጅየው 90 ሲሞላቸው ደግሞ እግራቸው ደከመ። በልዩ ወንበር እየተደገፉ ፉጂ ተራራን ወጡ! 3,776 ሜትር!

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2008 ላይ የሆነውን ያውቁ ኖሯል? ሚዩራ በ75 ዓመታቸው የዕድሜ ክብረ ወሰኑን ሊይዙ ወደ ጫፉ ተጠጉ። አንድ ቀን ቀድመዋቸው የኔፓሉ ሚን ባሃዱር ሼርቻን ወጡ። ዕድሜያቸው? 76! በዕድሜም በቀንም ተበለጡ!

ታማኤ ዋታናቤ በ63 ዓመታቸው ኤቨረስትን የወጡ ትልቋ ሴት ተባሉ። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ። ማን ሰበረው? ራሳቸው ናቸው፤ በ73 ዓመታቸው! በመካከሉ ጀርባቸው ተሰብሮ ነበር!

አሜሪካዊቷ ሀልዳ ክሩክስ ደግሞ የእኛን እናቶች ያስታውሱኛል። ሥጋ አይበሉም ነበር! 4,421 ሜትር የሆነውን ዊትኒ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት በ60ዎቹ አጋማሽ ዕድሜያቸው ነው። ከዚያ በኋላ አላቆሙም፤ እስከ 91 ዓመታቸው 23 ጊዜ! በ91 ዓመታቸው ፉጂንም ወጡ! በስማቸው የተጠራ ተራራ አለ። ያረፉት በ101 ዓመታቸው ነው። የእኛ እናቶች በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ እንደሚጾሙ እዚህ ላይ ማስታወስ አይከፋም!

ተራራ ወጪዋ አኒ ስሚዝ ፔክ በ44 ዓመቷ ማተርሆርን ተራራ ላይ ሱሪ ለብሳ በመውጣቷ አገር ጉድ አለ! ጊዜው እ.ኤ.አ. 1895 ነበር። በ57 ዓመቷ የፔሩን ሁዋስካራን፣ በ60 ዓመቷ ኮሮፑናን ወጣች። ኮሮፑና አናት ላይ ምን ተከለች? ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣቸው የሚል ባንዲራ! የመጨረሻ ተራራዋን ስትወጣ 82 ዓመቷ ነበር!

ፈረንሳዊቷ አሌክሳንድራ ዳቪድ ኔል በ55 ዓመቷ ለማኝ መስላ፣ የሂማሊያን በረዷማ በሮች በእግሯ አቋርጣ ላሳ ገባች! ላሳ ያኔ ለውጭ ሰው የተከለከለች ከተማ ነበረች። መቶ ዓመት ሲሞላት ፓስፖርቷን አሳደሰች!

የሰባቱን አህጉራት ከፍተኛ ተራሮች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ የጨረሰው ማን ነው? ነጋዴ! አሜሪካዊው ዲክ ባስ በከባዱ ተራራ መውጣት የጀመረው 50ን ካለፈ በኋላ ነው። ኤቨረስት ሦስት ጊዜ መለሰው። በአራተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ55 ዓመቱ ወጣ! ሙያተኞቹ ተራራ ወጪዎች እስከዛሬ የሚቆጫቸው ይመስለኛል።

ስፔናዊው ካርሎስ ሶሪያ ሶፋ የሚያለብሱ ባለሙያ ነበሩ። ከ8,000 ሜትር በላይ ከሆኑት 14 ተራሮች አሥሩን የወጡት 60 ከሞላቸው በኋላ ነው! K2 የተባለውን በ65፣ አናፑርናን በ77! አናፑርና ደግሞ ስንት ጎረምሳ የቀረበት ተራራ ነው።

ኪሊማንጃሮስ? አን ሎሪሞር የተባሉ አሜሪካዊት በ85 ዓመታቸው ወጡት። ክብረ ወሰኑን ሌሎች ወሰዱባቸው። ተመልሰው በ89 ዓመታቸው ወጥተው አስመለሱ!

የስዊዘርላንዱ ማርሴል ረሚ በ94 ዓመታቸው በገመድ የድንጋይ ግድግዳ ወጡ! ከልጃቸው ጋር ነበሩ። ልጅየው ራሱ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ነበር!

ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ሰዎች ለ8 ሳምንት ብቻ በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ! ሁለቱ ምርኩዛቸውን ተዉ! እስቲ ይህንን ለአባባ ያንብቡላቸው።

ምርኩዝ ካልን፣ ውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጠው የተራራ ዱላ በቁልቁለት ላይ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና እስከ 25 በመቶ ይቀንሳል! የእኛ ሽማግሌ ከወይራ ቆርጦ በነፃ ይዞት ይዞራል!

በማግሥቱ ጭንዎን ያመመዎት መውጣቱ ይመስልዎታል? መውረዱ ነው! ጡንቻ የሚጎዳው እየተሳበ ሲያግድ ነውና።

ጎበዝ ስፖርተኛ መሆን ከተራራ ሕመም አያድንም! ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ 25 ዓመት የሞላውን ሯጭ ጥሎ የ70 ዓመቱን አዝጋሚ ሊያልፍ ይችላል። ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሄዱ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምሩ። ልብዎንም አስቀድመው ለሐኪም ያሳዩ። ሚዩራም አሳይተዋል!

ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በማራቶን ወርቅ ሲያገኝ 36 ዓመቱ ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ የሳሳ ነው ተብሎ ዓለም ተጨነቀ። ለማሞ ግን ከአዲስ አበባ ወረደ ማለት ነው! ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ ነሐስ ጨመረ!

ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ! ከበቆጂ ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለች ከተማ። ትንሿ በቆጂ ስንት ጀግና እንዳበቀለች ቢቆጥሩ ጣትዎ አይበቃም!

ከእንጦጦ አናት ወደ ደቡብ ዓይንዎን ቢወረውሩ፣ ቀኑ ጥርት ካለ፣ ዝቋላ ይታያል። 2,989 ሜትር! አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ አጠገብ ገዳም አለ። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 የአቦ ምእመን ሽማግሌ አሮጊት ሳይል ይወጣዋል!

ግሸን ማርያም ያለችበት አምባ ከላይ ሲታይ መስቀል ይመስላል! መስከረም 21 ዳገቱ ሰው በሰው ነው።

ደብረ ዳሞ መንገድ የለውም! 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ገመድ ነው የሚወጣው። ፂማቸው የነጣ መነኮሳት ይወጡታል! ሴት አይገባበትም፤ እንስት እንስሳም ጭምር! ገዳሙ ከ6ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አለ፤ ያ ሁሉ መነኩሴ ያለ ጫማ፣ ያለ ብረት፣ ያለ ራስ ቁር!

ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞንት ብላንክ የሚያንሰው በ250 ሜትር ገደማ ብቻ! ግን ገመድም በረዶ መቆንጠጫም አያስፈልገውም፤ የሚወጣው በእግር ነው። በመንገድዎ ዋልያና ጭላዳ ያያሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓለም ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነው፤ ከላሊበላ ጋር!

ጉልበቴ እንቢ አለ ይላሉ? ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ በኢትዮጵያ ከታላላቆቹ አንዱ። በመኪና ይወጣል! ከባሌ ጎባ ተነስተው፣ የሳነቲን አምባ አቋርጠው፣ ጫፉ ላይ በር ከፍተው ይወርዳሉ! ቀይ ቀበሮ ቆሞ ያይዎታል። እርግጥ ይህን ተራራ ወጣሁ ብለው ለልጅ ልጆችዎ ሲያወሩ ስለ መኪናው ዝም ማለት ነው!

በመጨረሻ ኡልሪሽ ኢንደርቢነን! በስዊዘርላንድ የዜርማት መንደር ተራራ መሪ ነበሩ። 4,478 ሜትር የሆነውን ማተርሆርን ከ370 ጊዜ በላይ ወጡት፤ የመጨረሻውን በ90 ዓመታቸው ገደማ! ሥራ ያቆሙት በ95 ዓመታቸው ነው፤ የኖሩት 103 ዓመት። ስልክ አልነበራቸውም፤ ደንበኛ የሚፈልጉት አደባባይ ወጥተው በመቆም ነበር። በ82 ዓመታቸው ደግሞ አዲስ ነገር አማራቸው፤ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ተመዘገቡ። በዕድሜ ክልላቸው ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም፤ በተሰለፉ ቁጥር አንደኛ ወጡ!